አንቺ ራስሽ እንድታነቢው

ናዝሬት፣ የካቲት 1977 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

አከም ጅርታ እማዬ? ወገብሽን ተሻለሽ? የቆቃ ንፋስ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ስትወጪ ጋቢሽን ደረብ አድርጊ። እኔም አክስቴ ዘርፉም ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት እንዳያስቸግርሽ ብዬ ነው። ዓሣ ነጋዴው ኑሬ ያመጣልኝን ብጣሽ ወረቀት ሳይ፣ «ልጄ ደህና ነሽ ወይ። መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ» ይላል። «ማን ጻፈላት?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ማንም አልጻፈላትም! ራሷ እዚያው ፊቴ ቁጭ ብላ ነው የጻፈችው። ዓሣዬ እስኪሸት አስጠበቀችኝ» አለኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚያነብልሽ የአባቴ ወንድም ጋሼ መርዳሳ ነበሩ። ስለዚህ የምነግርሽን አሁን ከእኔ ስሚው።

ማትሪክ ስፈተን እንግሊዝኛ ጣለኝ። ያኔ የጻፍኩልሽ፣ «ወድቄአለሁ፤ ግን ደግሜ እፈተናለሁ፤ አታስቢ» ብዬ ነው። ከአንቺ በኑሬ በኩል የመጣልኝ መልእክት ግን፣ «ትምህርቱ ከሰለቸሽ ነይ፣ አልቆጣሽም። የባለወፍጮውንም ሽማግሌዎች እሺ ብያለሁ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል» የሚል ነበር። እኔ ሰለቸኝ አላልኩም፤ ስለ ባለወፍጮውም የማውቀው ጋሼ መርዳሳ እሱ ዘንድ እንደሚሠሩ ብቻ ነው። ወዲያው ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ያንንም ያነበቡልሽ እሳቸው ናቸው። ኑሬን በቃል እንዲነግርሽ ብለምነው፣ «በሰው ቤት ጉዳይ አታስገቢኝ» አለኝ። አልፈርድበትም። አንቺ የሰማሽው ምን እንደነበር አልጠይቅሽም።

ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደማጠና ልንገርሽ። ቀን ከአክስቴ ጋር ጉሊት እሸጣለሁ፣ ማታ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። በመሀል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሬድዮ ጠጋኙ አብዱናሲር በነፃ አንድ ሬድዮ ያወጣልናል፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሲተላለፍ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይሰበሰባል። ከሞተ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ጥቁር ፈጭተን፣ በውኃ በጥብጠን ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ቀባንና ሰሌዳ ሠራን። ሬድዮው የሚለውን አንዱ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል። የየቀኑን የጥናት ሰዓት የአክስቴ ማድቤት ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ ግድግዳዬን አበላሸሽ ብላ ጮኸችብኝ፤ አሁን ግን እሷ ራሷ፣ «ሒሳብሽ ደርሷል፣ ተነሺ» ትለኛለች።

አንድ ቀን የቀበሌው ጥበቃ መጥቶ፣ «ይህ ያለ ፈቃድ የምን ስብሰባ ነው? ተበተኑ!» አለን። ሰው በስብሰባ የሚታሰርበትን ያን ዘመን ታስታውሺዋለሽ፤ ሁላችንም ደርቀን ቀረን። አብዱናሲር ሬድዮውን ሊያጠፋ ሲል አክስቴ ዘርፉ በርጩማ ይዛ መጣችና ሰውዬው ፊት አስቀመጠችው። «ተቀመጥና ስማ። መንግሥት ራሱ የሚያስተላልፈው ትምህርት ነው። ጥፋት ካገኘህበት ያኔ ትበትነናለህ» አለችው። ተቀመጠ። ትምህርቱ ሲያልቅ፣ «ነገም አለ?» ብሎ ጠየቀ። አሁን ከእኛ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ያስደግፍና ከሬድዮው ጋር «ጉድ አፍተርኑን» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤታችን ለሙከራ ፈተነን፤ እንግሊዝኛን አለፍኩ። መምህሩ ወረቀቴን ሲሰጠኝ፣ «ማን አስጠናሽ?» አለኝ። «ሰፈሩ ሁሉ» አልኩት።

እማዬ፣ ከፋሲካ በኋላ አልመጣም። ማትሪኩ ይጠብቀኛል። እምቢ የምልሽ አንቺን አቅልዬ እንዳይመስልሽ፤ ስቀመጥም ስነሳም ልቤ አንቺ ጋ ነው። ለሽማግሌዎቹ የምትመልሺውን ለአንቺው ትቻለሁ። ዘንድሮ ብወድቅ እንኳ በሚመጣው ዓመት ደግሜ እፈተናለሁ፤ ይህን ቁርጤን ዕወቂልኝ።

ኑሬ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። ጋሼ መርዳሳንም ሰላም በይልኝ። «ወረቀቱን አምጪ፣ ላንብብልሽ» ያሉሽ እንደሆነ፣ «አንብቤዋለሁ» በያቸው።

የምትወድሽ ልጅሽ