ባሌን በስሙ ስላስታወሱልን

ትናንት ጄኔራልና የሕዝብ እንደራሴ፣ ዛሬ ጡረተኛና የፍርድ ቤት ባለጉዳይ ለሆኑት ክቡርነትዎ፤

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። በሕገወጥ የምርጫ ልገሳ ጥፋተኛ ከተባሉ ወዲህ እንቅልፍዎ እንዴት እንደሰነበተ ባላውቅም፣ ደም ግፊትዎ ጋብ እንዲልልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በልብስ ስፌት ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ኮሌታ ስገጥም የኖርኩ፣ በችሎትዎም የመሰከርኩ ሴት ነኝ። ጠበቃዎ «ስለ ምስክርነትሽ እስከ ዓርብ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቂ፤ አለዚያ እንከስሻለን» ብለው ስለጻፉልኝ፣ ትእዛዛቸውን አክብሬ ይኸው በአደባባይ ጽፌያለሁ። ይቅርታው ግን አልተገኘም።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. ባሌ በእርስዎ ሥር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ ግራ እግሩ ተቆረጠ። የውትድርና መዝገቡ በመጥፋቱ የጡረታ ቢሮው «አለቃህ ያውቁሃል የሚል አንድ መስመር አምጣ» አለው። በምርኩዝ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ «ክቡርነታቸው አያስታውሱህም» ብላ በትሕትና መለሰችው። ያን ሁሉ ወታደር ያዘዘ ሰው አንድ ሾፌር ቢረሳ ምን ይደረጋል ብለን ዝም አልን።

፪. የፋብሪካው ባለቤት፣ ወዳጅዎ፣ «ለኢንሹራንስ ነው» ብሎ የእኛንም የባሎቻችንንም መታወቂያ ሰበሰበ። ሕጉ ድርጅት ለእጩ እንዳይለግስ ስለሚከለክል፣ የራሱን ገንዘብ በእኛ ስም ሰጠዎት። መርማሪዎቹ ዝርዝሩን ሲያሳዩኝ፣ ባሌ ከነአባቱ ከነአያቱ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት፣ ከለጋሾችዎ መካከል ተቀምጧል። ለካ ያስታውሱታል!

፫. ይህኛው እንኳ ወደ ምስጋና ያደላል። ልመሰክር መሆኔን ሲሰማ የፋብሪካው ባለቤት አስጠርቶ «ልጆችሽን አስቢ» አለኝ። አሰብኳቸውና ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፤ በማግስቱ እንደኔው ቃል ከሰጡ ሦስት ሴቶች ጋር ተባረርኩ። ችሎቱ ላይ ጠበቃዎ፣ ለጋሾቹ የእውነት ደጋፊዎችዎ እንደነበሩ ለማሳየት፣ ባሌን ካለበት አስነሥተው ያውቁት እንደሆነ ጠየቁዎት። እርስዎም ደረትዎን ነፍተው «እንዴት አላውቀውም! ሾፌሬ ነበር፤ እግሩን ያጣው በእኔ ትእዛዝ ስንቅ ሲያደርስ ነው» አሉ። ዳኛዋ ወደ ባሌ ዞረው «ለግሰዋል ወይ?» ቢሉት፣ «እኔስ ከሳቸው አንድ መስመር ስጠይቅ ከረምኩ እንጂ ሰጥቼ አላውቅም» አለ።

እርስዎ ጥፋተኛ ተባሉ። እኛ ደግሞ የችሎቱን ቃል አስገልብጠን፣ ማኅተም አስመትተን ለጡረታ ቢሮው አስገባን። የአለቃው የራሳቸው ቃል ነውና ተቀበሉት። ባሌ ካለፈው ወር ጀምሮ ጡረተኛ ሆኗል።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። የተባረርነው አራት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተን ሦስት የስፌት መኪና አስገብተናል። ጠበቃዎ መክሰስ ካማራቸው መጥሪያውን እዚያው ያድርሱልን፤ ከጠዋት እስከ ማታ አለን፣ የትም አንሸሽም።

ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ከምስክርነቴ ግን አንዲት ቃል የማላነሳ፣
ኮሌታ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ይግባኝ እንደጠየቁ ሰማን፤ እሰየው። ባሌ ያን ቀን የቆመው በተውሶ ኮት ነበር፤ ለይግባኙ በልኩ ሰፍቼለታለሁ። በቴሌቪዥን እንዳየሁዎት የእርስዎም ኮት ሰፍቶዎታል፤ ይላኩልንና እናጥብብልዎ። ደረሰኝ እንቆርጣለን፤ በራስዎ ስም።