ፓሻ ከመጣ ወዲህ

ቅዳሜ

ድመቱ መጣ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ የሚጸዳዳበትን አሸዋ የምጠርግለት ግን እኔው ነኝ። ማዳም ከእንስሳት መጠለያው በሳጥን ይዛው ገባች። ፓሻ ይባላል። ግልገል እንኳ አይደለም፣ ያደገ ድመት ነው። «ንጹሕ የፋርስ ዘር፣ ፍቅር የሚያበዛ» አለች፣ ሙሽራ እንደምትድር። ጠጉሩ ነጭ፣ ፊቱ በር የተዘጋበት ይመስላል። የቀድሞ ጌቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ከጅቡቲ ሲሄዱ የተዉት ነው።

የእኔዎቹም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ፈረንሳይ ይመለሳሉ። ልጃቸውን ኢኔስን ከአራስነቷ ጀምሮ አሳድጌያታለሁ። የቀረችኝ ጊዜ ትንሽ ናት፣ እሷንም ድመት ሊሻማኝ ነው።

እሑድ

ማታ ማታ ኢኔስ ትጠራኛለች፤ ጀርባዋን እያሻሸሁ እሹሩሩ እላታለሁ። ትናንት አልጠራችኝም። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ዛሬ ፓሻ አለ፣ ጥሩዬ» አለችኝ። እኔው ባስተማርኳት አማርኛ።

ሆድ ባሰኝ። እሱ ኤርኮንዲሽነር ሥር ተጋድሟል፣ እኔ ክፍሌ ገብቼ ነፋስ ከማይሰጠው ቬንቲሌተር ጋር ስታገል አደርኩ። በድመት ቀናሁ ብዬ ለማን እነግራለሁ? ይኸው እዚህ ጻፍኩት።

ሰኞ

ለሁሉም ይልከሰከሳል። ለማዳም፣ ለዘበኛው፣ ጋዝ ላመጣው ሰውዬ ሳይቀር። እኔም ጋ ማድ ቤት መጥቶ እግሬን ታከከኝ። በመጥረጊያ ገፋሁት። ማንም አላየኝም።

ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ።

ፓሻ ገና ያነጠፍኩት አንሶላ ላይ ተዘረጋ። ማዳም በፈረንሳይኛ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አጨበጨበችበት። ንቅንቅ የለም። እኔ የታጠበ ልብስ ታቅፌ ሳልፍ ንድድ ብሎኝ፣ ለራሴ ያህል፣ «ውረድ አንተ ባለጌ» አልኩ። ዘሎ ወረደ። እግሬ ሥር ተቀምጦ ሽቅብ አየኝ።

ማድ ቤት ገብቼ ሞከርኩት። «ና ውሮ» ስለው መጣ። «ቁጭ በል» ስለው ተቀመጠ። ጭኔ ላይ አውጥቼ እሹሩሩ ስለው ራሱን ክንዴ ውስጥ ቀበረ።

ገባኝ። የሚሰማው አማርኛ ነው፤ በቀድሞ ጌቶቹም ቤት እንደኔ ያለች ነበረች። ፓሻ ያሉት ጌቶቹ ናቸው፣ ያሳደገችው እሷ ናት። ያ መጥረጊያ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ።

ረቡዕ

አሁን ከእግሬ አይለይም። ኢኔስ አኮረፈች። «የኔ ድመት ነው፣ ለምን አንቺን ይከተላል?» ብላ አለቀሰች።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ማታ እሷው ክፍሌ ድረስ መጥታ ጎትታ ወሰደችኝ። ሁለቱም በአንድ እሹሩሩ ተኙ።

ዓርብ

የዕረፍት ቀኔ። ጋቦዴ ሰፈር፣ ሐበሾቹ ሁሉ ዓርብ ዓርብ ጠጉር የምንሠራበት ቤት ሄድኩ። «ነጭ የፋርስ ድመት ያለበት ቤት የሠራች ታውቃላችሁ?» ስል ሳቁብኝ። አንዷ ብቻ አልሳቀችም። ፀሐይ ትባላለች፤ ጠጉሯ ገና በግማሹ ነበር የተሠራው።

«ውሮ ነው?» አለች።

መጠለያው ድረስ ሄዳ ስጡኝ ብላ ለምና ነበር። የራስሽ ቤት የለሽም አሏት። እውነት ነው፣ ሰው ቤት ነው የምታድረው፤ አዲሷ ማዳሟ ደግሞ ድመት አትወድም።

«ይበላል?» አለችኝ። «የዓሣውን እሾኽ ልቀሚለት እሺ፣ እሱ ሆዳም ነው፣ አያይም።» ከዚያ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ነገ እደውልልሻለሁ አልኳት።

ቅዳሜ

ማዳም ገበያ ስትወጣ ደወልኩላት። ኢኔስ አጠገቤ፣ ድመቱ ጭኔ ላይ።

ፀሐይ «ውሮዬ፣ የኔ ጌታ» ከማለቷ ተፈናጥሮ ተነሣ። ስልኩን አሸተተ፣ በአፍንጫው ገፋው፣ ከጀርባው ዞሮ ፈለጋት። እያለቃቀሰ። ለእኔ እንዲያ ሆኖ አያውቅም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፣ እንደገና ቀናሁ።

«ማናት?» አለች ኢኔስ።

«ያሳደገችው።»

ወደ እኔ ዞረች። «እኛ ስንሄድ አንቺም ትደውያለሽ?»

«እደውላለሁ።»

«እኔ ግን ከስልኩ ጀርባ አልፈልግሽም። እዚያ እንደሌለሽ አውቃለሁ» አለች፣ ትልቅ ሰው መሆኗን ልታሳየኝ። ጠጉሯን ዳበስኩላት።

ስልኩ ከተዘጋ ቆይቷል። ፓሻ አሁንም ዙሪያውን እየዞረ ይፈልጋታል። ያቺ ፀሐይ፣ ቤት የላት፣ ድመቱ የላት፣ ቀናሁባት።