ካርታው ውስጥ ያልገባው ጭንቅላቴ

ይድረስ ኡካ ላለኸው ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ነህ? ሚስትህ ዋሪቱስ፣ ልጆቹስ? ዝናቡ በቆሎውን አልጣለባችሁም? እኔ እዚህ መቱ አለሁ፣ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ። በስልክ ያላወራሁህ ስልክህን ዋሪቱ ስለምታነሳው ነው። ይሄ ላንተ ብቻ ነው። አጻጻፌን እየሳቅክ አንብበው፤ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ከዚህ በላይ አይጽፍም።

ጉራ ነው ትል ይሆናል፣ ግን ባለፈው ወር አዲስ አበባ ድረስ ወስደው ጭንቅላቴን በማሽን አነሱኝ። የወሰደችኝ ዶክተር ዬሮሳን ናት፣ የዚሁ አገር ልጅ። ባጃጄ ላይ ተሳፍራ ነው የተዋወቅነው። የጤነኛ ሰው የአንጎል ካርታ እየሰራን ነው አለችኝ። የመቶ ሃምሳ ጤነኛ ሰው ጭንቅላት ይነሳል፣ ከዛ በኮምፒውተር አንዱን ባንዱ ላይ እየደረቡ አንድ ያወጣሉ። የታመመ ሲመጣ ከሱ ጋር እያስተያዩ የተጎዳውን ቦታ ያገኙታል። ማሽኑ አንጎል ውስጥ ያለው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ይከተላል አሉ። ውሃው ክሮቹን ተከትሎ ስለሚሄድ የትኛው ክር ከየት ወዴት እንደተዘረጋ ይታያል።

ታዲያ እኔን ትተሽ ማንን ልትወስጂ ነው አልኳት። ሳቀች። ጎንፋ፣ ባጃጅ አብሮኝ የሚነዳው፣ ሰምቶ ያንተን ጭንቅላት መለኪያ ካደረጉማ አገሩ በሙሉ አብዷል ማለት ነው አለኝ። ቅናት ነው። የተወለድንበት ሁሩሙም ሄጄ ለጎረቤታችን ለተጂቱ ነገርኳት። ያቺ ‘ጭንቅላቱ የተነካው’ እያለች ስትጠራኝ የኖረችው። ከእንግዲህ ሐኪም ሁሉ በሽተኛን የሚያስተያየው ከኔ ጋር ነው አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ቤቷ ገባች! ወንድም ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዛ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ካርታው ውስጥ ከገባሁ ማን ጎዶሎ ሊለኝ ነው?

ማሽኑ ቱቦ ነው። ይጮሃል፣ መዶሻ ነው የሚመስለው። ሌላው ሰው እየፈራ ይወጣል፣ እኔ ፍንክች አላልኩም። ከዛ በፊት ግን በወረቀት ይጠይቁሃል። ጭንቅላትህን ተመትተህ ታውቃለህ? ወድቀህ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? እኔ? በጭራሽ አልኩ። ምን ልበል? ያኔ የወደቅኩ ጊዜ ለእማዬ እንኳን ወባ ነው ብለናት የለ? ያንን ወሬ አስራ ሦስት ዓመት ስናገረው አፌ ለምዶታል።

ባለፈው ማክሰኞ ዬሮሳን መቱ መጥታ ጠራችኝ። ፎቶውን አሳየችኝ፣ ክሮቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ናቸው። በስተግራ አንዱ ሰማያዊ ክር ሳስቷል፣ የሌላው ሰው ወፍራም ነው። ቀኝ እጅህ ያስቸግርሃል ወይ አለችኝ። አላስቸገረኝም አልኩ። ጣቷን የሳሳው ክር ላይ አድርጋ ደግማ ጠየቀችኝ። ከዛ ደከመኝ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እውነቴን ነው የምልህ ደከመኝ። አዎ፣ አንዳንዴ አልታዘዝ ይለኛል አልኳት። አሁን ባጃጁን ጎንፋ ነው የሚነዳው፣ እኔ ተራ አስከባሪ ሆኛለሁ።

ከካርታው ወጣሁ። ለተጂቱ አልነገርኳትም። መውጣትህ ግን ጥቅም የለህም ማለት አይደለም አለችኝ ዬሮሳን። የተጎዱ ሰዎችን ለብቻ ይመዘግባሉ፣ ከካርታው ጋር አስተያይተው እጄ የሚድንበትን ነገር ይፈልጋሉ። ግን ነገሩን በትክክል የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። በስንት ዓመቴ እንደወደቅኩ፣ ከምን ያህል ከፍታ፣ ስንት ሰዓት ራሴን ስቼ እንደቆየሁ። እኔ ገተማው ዛፍ ላይ ቀፎ ልሰቅል በገመድ ታስሬ መውጣቴን ነው የማስታውሰው፣ ከዛ ወዲያ ምንም። እዛ ከታች የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።

ዬሮሳን የፊታችን ሐሙስ መቱ ትመጣለች። ከኡካ በጠዋቱ ሚኒባስ ከተነሳህ ትደርሳለህ። ለእማዬ አትንገራት፣ ወንድሜን ልጠይቀው ነው ብለህ ና።

ሌላው እንዳትጨነቅ ነው። ገመዱን ማን ይዞት እንደነበር ትጠይቂዋለሽ ወይ አልኳት። እሱ አያስፈልገኝም አለች። ከፍታውን ብቻ ነው የምትፈልገው።

ዋቃ ከብትህንም ልጆችህንም ይጠብቅልህ፣ በጤና ያገናኘን።

ምንም ያልያዘብህ ታናሽ ወንድምህ፣ ከመቱ