የሞት ወረቀቱን አላወጣም

ይድረስ ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፤
ቢቸና።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ክረምት በገባ ቁጥር ጉልበትዎን የሚይዝዎ ቁርጥማት ዘንድሮስ እንዴት አደረገዎ? ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዘሩስ ደህና ነው? እዚህ ሞጣ ሐምሌ ከገባ ወዲህ ዝናቡ አላባራም። እኔ፣ ስሙ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ዘንድሮ በቅቶኛል።

ጎረቤቴ ፈንታነሽ ከቢቸና ገበያ ስትመለስ የላኩብኝን መልእክት አንዲት ሳታስቀር ነገረችኝ። «አንድ ቃል መዋጥ አቅቷት የልጇን ደጅ በገዛ አፏ ዘጋች» ብለዋል አሉ። ያውም በሰው ፊት። ደውዬ ልመልስልዎ አስቤ ነበር፤ ግን እርስዎ የስልኩን ድምፅ ከፍተው ነው የሚያናግሩኝ፣ ቤት ያለው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ጻፍሁ። ፊደል ያለ አስተማሪ የለቀምሁ ሴት ነኝና ግድፈት ቢያገኙ ይለፉኝ። ደግሞ ራስዎ ያንብቡት፤ ለልጆቹ አይስጡ።

ወንድምዎ ሰማው ያረፈ ዕለት ለልጃችን ለማስተዋል መርዶው እንዳይነገር ያዘዙት እርስዎ ነዎት። «ያለ ዘመድ በሰው አገር ናት፤ ማን ደግፎ ያስለቅሳታል?» አሉ። ልክ ነበሩ፤ እኔም ተስማማሁ። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር «አባቴስ?» ትላለች። እርሻው ወርዷል እላለሁ፤ ቅዳሴ ሄዷል እላለሁ፤ ደክሞት ተኝቷል እላለሁ። ሰው ከሞተ በኋላ ይህን ያህል ሥራ እንደሚበዛበት አላውቅም ነበር።

ስታረግዝ እናቴ መጥታ ትረሰኝ አለች። መሄዴ ግን እንደ ዘመድ ጥየቃ ስንቅ ቋጥሮ መነሣት አይደለም። አስፋልቱ ዳር ኮምፒውተር ይዞ ማመልከቻ የሚጽፈው ዘመነ ቪዛው የሚጠይቀውን ሲያስረዳኝ አመሸ፦ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የልጅቱ የግብዣ ደብዳቤ። ከሁሉ በላይ ግን ይህች ሴት ተመልሳ ወደ አገሯ ትገባለች የሚያሰኝ ነገር ይፈልጋሉ አለኝ። ማስተዋል ታዲያ በግብዣ ደብዳቤዋ ምን ብላ ጻፈች መሰልዎ? «አባቴ ቤት ስለሚቀር፣ እናቴ እሱን ጥላ እዚህ አትቀርም።» ዘመነ ቀብሩ ላይ ነበር። ይህን አንብቦ ሲተረጉምልኝ ቀና ብሎ አየኝና «እታለም፣ እንግዲህ ዋስዎ ሟቹ ናቸው» አለኝ። ሊያሾፍ አልነበረም። ወይ የሞት ምስክር ወረቀት ከቀበሌ አውጥተን ልጅቱ ደብዳቤዋን ታስተካክል፣ ወይ እንዳለ ይሂድ አለ። ለእርስዎ ደወልሁ። «እርጉዝ ሴት መርዶ አትሰማም! ባል አለኝ በይና እለፊ!» ብለው ጮሁብኝ። እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ።

አዲስ አበባ ለኤምባሲው ቀጠሮ የገባሁ ጠዋት ጥቁሬን አውልቄ ነጭ ለበስሁ። የባሌን ሐዘን መንገድ ላይ ጥዬው የሄድሁ መሰለኝ። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ፈረንጅ፣ ከጎኑ አንዲት የኛው አገር ልጅ አስተርጓሚ ተቀምጠዋል። ለምን እንደምሄድ፣ ማን እንደሚቀበለኝ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስሁ። የባለቤትዎ ስም ማነው አለችኝ። «ሰማው፣ ነፍሱን ይማረውና» አልሁ።

ጋሼ፣ እርስዎ የሟች ስም ሲጠሩ ይህን ሳይሉ ማለፍ ይሆንልዎታል? አስተርጓሚዋም አልሆነላትም። እሷም ከአፏ አምልጧት «ነፍስ ይማር» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ክው አልን። ፈረንጁ ምን ተባባላችሁ አላት። አንገቷን ደፍታ ነገረችው። ወደ እኔ ዞራ «እማማ፣ እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች። አልተቀየምኋትም። ፈረንጁ መቼ ነው የሞተው ብሎ ጠየቀ። መልሶ ጠየቀ። ቀኑን ግን ከአፌ አላወጣሁም።

የሰጡኝን ወረቀት ዘመነ አነበበልኝ። አለ የተባለው ባል የለም፤ ስለዚህ ወደ አገሯ የሚመልሳት ነገር አላየንም ይላል። የሞተ ባል አይመልስም ማለታቸው ነው። እነሱ ሙት ዓመት አያውቁም። ከታች ደግሞ ሞቱን ከነቀኑ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ቢቀርብ፣ ጋባዥዋም አይታ ብትፈርምበት፣ እንደገና ማመልከት ይቻላል ይላል።

አሁን እርስዎ «እሷ ባለችበት ባሉት ያገር ሰዎች መርዶውን እናስነግራለን፣ ቀበሌውንም በሰው አነጋግሬአለሁ፣ አንቺ ወረቀቱን አውጥተሽ ላኪላት» ብለውኛል። እልኸኛ ናት፣ መሄዱን ጠልታ ነው ብለውም አምተውኛል። መሄዱን አልጠላሁም፤ ለምጡ የሚሆን ቅቤ ሳይቀር አንጥሬ ነበር። ወረቀቱን ግን አላወጣም።

ማስተዋል እኛ ያልንላትን ባል ትታ፣ አባቷን ሳትሰናበት የሄደች ጊዜ፣ ወንድምዎ «ከሬሳዬ እንዳትደርስ» ሲል እርስዎ አጠገቡ ነበሩ። እንዳለውም አልደረሰችም። ያን ቃል በስልክ ያደረስሁላት እኔ ነኝ፤ አንዲት ሳልቀንስ። ከዚያ በኋላ ፅንስ ሲጨናገፍባት፣ ዳግመኛም ሲጨናገፍባት «የአባቴ ቃል ነው» እያለች ስታለቅስ የሰማሁም እኔ ነኝ። ወንድምዎ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ እርስዎ ቄስ ይዘው ስለ እሷ ለመኑት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አምና በፍልሰታ ጾም ሲያርፍ ስሟን እንኳ አልጠራም። ይህን ከእኔና ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ቄሱም አይናገሩም።

ማስተዋል የምትናገረው ግን ሌላ ነው። የዘንድሮ መስቀል ማግስት አባቴ ታረቀኝ ትላለች። «ማህፀንሽ ይባረክ ብሎ በእናቴ አፍ መረቀኝ» እያለች ለባሏም ለጎረቤቷም ታወራለች። ይህ ፅንስ የጸናው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ መርዶውን ያስነግሩ፤ የእምቢታው ወረቀት ቀድሞ እጇ ሳይገባ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ባሏ ባለበት። ታሞ እንደነበር ይንገሯት። ስንት አገር ወጥቶ እንደቀበረው ይንገሯት። ቀኑን ግን አይንገሯት። አጥብቃ ከጠየቀች ከጥምቀት ወዲህ ነው ይበሏት። በስልክ ቀርጸን እንልክላታለን ያሉት ሙት ዓመትም ይቅር፤ ፍልሰታ ሲገባ እኔና እርስዎ ብቻ ጸሎቱን እናስደርስለታለን። ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ። ለምን ብለው ግን አይጠይቁኝ። ልጄን በአራስነቷ ሌላ ሴት ትረሳት፤ ወገቧን ሌላ ሴት ትደግፋት። እኔ እዚሁ ሞጣ ሆኜ ማርያም ማርያም እላለሁ።

ለእርስዎ ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ዘርዎን ከበረዶ፣ ቤትዎን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልኝ። የወንድምዎን ነፍስ ደግሞ ይቅር ከሚሉት ጋር ይደምርልን።

የወንድምዎ ሚስት፤
ሞጣ።