ሁሉም እስኪገቡ፦ የአሰልጣኝ ቀለመወርቅ ብርሃነ የሕይወት ታሪክ

በእጃችሁ በያዛችሁት ወረቀት ሽፋን ላይ አሰልጣኝ ቀለመወርቅ ብርሃነ ዋንጫ ታቅፈው ሲስቁ ይታያሉ። ዋንጫው የእርሳቸው አይደለም። ቤተሰቡ ይህን ያስተዋለው ወረቀቱ ታትሞና ታጥፎ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ሌላ ለማሳተም ጊዜ አልነበረም። እርሳቸው ቢኖሩ ከሁሉ በፊት የሚያርሙት ይህንን ነበርና፣ ለቀስተኛው ያልሆነውን ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ አስቀድሞ ይነገር። ዋንጫው የማን እንደሆነ በቦታው ይመጣል።

አሰልጣኝ ቀለመወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ብርሃነ ተከስተና ከእናታቸው ከወ/ሮ እልፍነሽ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ተወለዱ። ክርስትና የተነሡትም እዚያው በዑራኤል ነው። አባታቸው ከራያ የመጡ፣ በመንግሥት ጸሐፊነት የሚተዳደሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እናታቸው ግን ልጅ ከዓይናቸው ከራቀ እህል የማይወርድላቸው ነበሩ፤ ይህ ፍርሃት በቤቱ ሴቶች ሲወርድ ሲዋረድ እስከ ዛሬ ደርሷል።

በልጅነታቸው ከደብተር ይልቅ ኳስ ትበልጥባቸው ነበር። በ1970 ዓ.ም. ጠዋት የወጣ ልጅ ማታ መመለሱ በማይታወቅበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚታቸው ዞረባቸውና እያነከሱ ሲመጡ ሰዓት እላፊ ሆነ። የግቢውን በር አንኳኩ። ጮክ ብሎ መጣራት ያስፈራ ነበርና ድምፃቸውን አላሰሙም። ወ/ሮ እልፍነሽ አብዮት ጠባቂ የመጣ መሰላቸው። መብራቱን አጥፍተው፣ መወርወሪያውን ደርበው፣ የመንፈቅ ልጅ የነበረችውን እህታቸውን ጀማነሽን እንዳታለቅስ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ተቀመጡ። ልጃቸው ያደሩት በጎረቤት በወ/ሮ ከውሰር ማድ ቤት ነው። ቁርጭምጭሚቱ በጊዜ ሳይታሽ ጠሞ ቀረ፤ ተጫዋች የመሆን ተስፋቸውም አብሮ ቀረ። እናታቸውን ግን አንድም ቀን አልወቀሱም። “እማዬ የቆለፈችው በፍርሃቷ ላይ ነው፤ የሚያንኳኳው እኔ መሆኔን መች አወቀች” ይሉ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀው፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥረው እስከ ጡረታ አገልግለዋል። በ1988 ዓ.ም. “ሰብሊ” እያሉ የሚጠሯቸውን መምህርት ሰብለወንጌልን አግብተው ሄኖክንና ደሊናን አፍርተዋል። በ1993 ዓ.ም. በየመንገዱ ኳስ የሚያሳድዱትን የሰፈር ልጆች ሰብስበው የታዳጊዎች ቡድን አቋቋሙ። ከልጆቹ ይልቅ ያስቸገሯቸው ግን ወላጆች ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ አቶ ሃፍቶም የተባሉ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያላቸው አባት፣ ልጃቸው ኳስ ሲስት “ምታው እንጂ! ምሳ አልበላህም እንዴ?” ብለው ሜዳውን አናወጡት። ልጁ ከዚያ ወዲያ ኳስ ወደ እርሱ እንዳትመጣ መሸሽ ጀመረ። አሰልጣኝ ቀለመወርቅ ፊሽካ ነፉ።

“ጋሽ ሃፍቶም፣ ዛሬ የሚጫወተው ወላጅ ነው፤ ይግቡ። ልጆች፣ እናንተ ዳር ቁሙና ስትሰሙ የኖራችሁትን ጩኹ።”

አቶ ሃፍቶም በቆዳ ጫማቸው ገቡና የመጀመሪያዋን ኳስ ሊመቱ ሲሉ ተዘረጉ። አንዱ ልጅ ከዳር “ፋዘር፣ ምሳ አልበሉም እንዴ?” ሲል ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የራሳቸው ልጅ ግን አልሳቀም። “አይዞህ አባዬ” አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሜዳ ዳር የሚፈቀደው ይህ አንድ ቃል ብቻ ሆነ። “ስህተቱን ለመንገር እኔ አለሁ፤ እናንተ ለአይዞህ ናችሁ” ይሏቸው ነበር። አቶ ሃፍቶምም ከዚያ ወዲያ የሚታወቁት ለልጆቹ ብርቱካን ተሸክመው በመምጣት ነው።

እህታቸው ወ/ሮ ጀማነሽ፣ ልጃቸው ሩት መጫወት ስትጀምር፣ ጉልበቷ ሲሰበርና ጥርሷ ሲረግፍ ቀድሞ ይታያቸው ነበርና ፋሻና አልኮል በቦርሳ ይዘው ከመስመሩ አይለዩም ነበር። ወንድማቸው “ሂጂ” አላሏቸውም። “አምቡላንሳችን መጣች!” ብለው የወደቀ ልጅ ሁሉ ወደ እርሳቸው እንዲሄድ አደረጉ። የሰውን ልጅ ጉልበት ሲያጥቡ የራሳቸውን ልጅ የሚጠብቁበት ጊዜ አጡ፤ ሩትም እንደ ልቧ ሮጠች።

ወደ ዋንጫው እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. የሴት ልጆች ቡድናቸው በሰፈሮች ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ ከቡልጋሪያ ሰፈር ቡድን ጋር ተገናኘ። ጨዋታው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄደ። የመጨረሻዋን የመታችው ሩት ነበረች፤ ከአግዳሚው በላይ ሰደደችው። ዳር ከቆመው ወላጅ መካከል ያችን አንዲት ቃል እንኳ የሚናገር ጠፋ። ወ/ሮ ጀማነሽ ልጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ቤት ሊወስዷት ሮጡ። አሰልጣኝ ቀለመወርቅ ግን ቀደሟቸው። እያለቀሱ ያሉትን ልጆች አሰልፈው አሸናፊዎቹን አንድ በአንድ ጨብጠው “እንኳን ደስ አላችሁ” እንዲሉ አደረጉ። የቡልጋሪያው አሰልጣኝ አቶ ሙሐሲን ልባቸው ተነክቶ ዋንጫውን በአሰልጣኝ ቀለመወርቅ እጅ ላይ አኖሩት። እርሳቸውም ያን ጊዜ ስልካቸውን ለሩት ሰጥተው “በይ አንሺኝ” አሏት። ከዚያም ዋንጫውን ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑና ለእርሷ ብቻ እንዲሰማ፣ “ኧረ ቀላል ነው! ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የከበደን?” አሉ። ሩት እያለቀሰች ሳቀች። ፎቶው ትንሽ የተንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። የአሰልጣኝ ቀለመወርቅ ቡድን በዘመኑ ሁሉ አንድም ዋንጫ አልበላም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ልጆቹ በከተማው ዳርቻ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፤ እርሳቸውም ወሎ ሰፈር ተከራይተው ገቡ። ቡድኑ ያበቃለት መስሎ ነበር። እርሳቸው ግን መስቀል ፍላወር አካባቢ የመለማመጃ ቦታ ለምነው አገኙ፤ ልጆቹም በታክሲ እየተመላለሱ ቀጠሉ። ወላጆች በመንገዱ ርቀት ሲጨነቁ፣ ወ/ሮ ጀማነሽም ሩትን ሊያስቀሯት ሲወስኑ፣ አሰልጣኙ አዲስ ሕግ አወጡ፤ ቤቱ የደረሰ ልጅ ሁሉ ሚስኮል ያደርጋል። ስልኩ አንዴ ጠርቶ ሲቋረጥ የልጁን ስም ጠርተው “ገባ” ይላሉ። የመጨረሻው እስኪገባ ድረስ፣ ታክሲ ያጣ ልጅ ቢመለስ በር ላይ እንዳይቀር፣ የግቢያቸው በር አይቆለፍም። ወ/ሮ ጀማነሽም ሩትን የለቀቋት ይህን ሕግ አምነው ነው።

ከየካቲት ጀምሮ የልብ ሕመም አደረባቸው። ልጃቸው ሄኖክ ልምምዱን ሲረከብ፣ እርሳቸው ከአልጋቸው ሆነው ሚስኮሉን መቀበል ግን አልተዉም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እህታቸው፣ የእህታቸው ልጅና በየሰፈሩ የተበተኑት የቡድኑ ልጆች ቀርተዋል። ስንቱን ልጅ በር ከፍተው የጠበቁትን እርሳቸውን፣ አምላክ የመንግሥቱን በር ከፍቶ ይቀበላቸው። ሚስኮል ባያደርጉልንም ደርሰዋል ብለን እናምናለን።

የዕረፍታቸው ዋዜማ ረቡዕ ማታ እንዲህ ነበር። ከልምምድ በኋላ ዝናቡ ወርዶ ታክሲ ጠፋ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ከሩት በቀር ሁሉም ገቡ። ወ/ሮ ሰብለወንጌል “ልቆልፈው?” ሲሏቸው “አንድ ቀርታለች” አሉ። ወ/ሮ ጀማነሽ ከቤታቸው ሆነው፣ ልጃቸው መኪና ሥር ስትገባ እየታያቸው ደወሉ። “ጀማ፣ አይዞሽ። እኔም አልተኛሁ፣ በሩም አልተዘጋ” አሏቸው።

ብዙ ቆይቶ የሩት ጥሪ መጣ። ሚስኮል አንሥተው የማያውቁት ሰው ያን ማታ አነሡት።

“ደረስሽ?”

“ገብቻለሁ ጋሼ። የቡድናችን ትንሿ ልጅ ታክሲ አጥታ ስታለቅስ ቤቷ አድርሻት ነው፤ ባትሪዬም አልቆ... በቃ፣ በሩን ክፍት አስመሸሁብዎ።”

“ምን አልሻት?”

“አይዞሽ አልኳት።”

ስልኩን ደረታቸው ላይ አኖሩት። “ሰብሊ፣ ሁሉም ገብተዋል” አሉ።

ወ/ሮ ሰብለወንጌል ነጠላቸውን ደርበው በዝናቡ ወደ ግቢው ወጡና በሩን ቆለፉ።