የሚስቴ ናሙና

ጥቅምት 8
ዛሬም ላቦራቶሪ ውስጥ የሴራሚክ ዱቄት ስፈጭ ዋልኩ። የኔ ባሪየም ያለበት፣ የሚስቴ ፖታሲየምና ሶዲየም። የምንፈልገው ግን አንድ ነው... ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፣ መርዘኛው እርሳስ የሌለበት ሴራሚክ። የኔ ጥሩ ይሠራል፤ ሞቅ ሲል ግን ድርግም!
ምሳ ላይ "የኔ ሳይሻል አይቀርም" አልኳት። ሳቀች። "እናያለና!"

ጥቅምት 14
ሚስቴ ዚርኮኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ቆንጥራ የጨመረችበት ናሙና ከምድጃ ወጣ። ለካች። የሚሰጠው ኤሌክትሪክ የኔን አከለ። አሞቀችው... አልወረደም!
የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ "አንቺማ ጉድ ነሽ!" አሏት። ለኔስ? "አንተም በርታ።" በርታ! እንደ ተማሪ።
እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ወዲያው ወደ ዱቄቴ ተመለስኩ።

ጥቅምት 17
ናሙናዋን ኤክስሬይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስህተት ባገኝ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። የለም። ክሪስታሉ ሁለት ቅርጽ ጎን ለጎን ይዟል፤ ወደ አንዱም ስላላደላ ትንሽ ሲገፉት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ያቺ ቁንጥር ዚርኮኒየም ናት እዚህ ያደረሰችው። እኔ ስንት ዘመን የለፋሁበት!
ቤት ስንገባ "ውጤቱ ደረሰ?" አለችኝ።
"ማሽኑ ተበላሽቷል።"
ምን ነክቶኝ ነው?

ጥቅምት 18
"ዛሬስ?" "አልተጠገነም።"

ጥቅምት 21
የኤክስሬይ ማሽኑን ቴክኒሻን ኮሪደር ላይ አገኘችው። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።
"ጋሼ፣ ማሽኑ መቼ ይጠገናል?"
ሰውዬው ግራ ገባው። "መቼ ተበላሸና?"
ዞር ብላ አየችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን አንጠልጥላ እናቷ ቤት ሄደች።

ጥቅምት 22
ውጤቱን ለፕሮፌሰሩ ሰጠሁ። ያዘገየሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።
"በገዛ ሚስትህ ትቀናለህ እንዴ?"
"አዎ።"


ጥቅምት 24
አማቴ በር ከፈቱልኝ። "ልጄ፣ ምን አድርገሃት ነው? ከመጣች ጀምሮ አፏን ዘግታለች።"
ከጓዳ ወጣች። ሰላም እንኳ ሳትለኝ "ውጤቱስ?"
"ሁለት ቅርጽ። ጎን ለጎን።"
አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ በራ... ወዲያው ጠፋ።
"ይህን እያወቅክ ነው አጠገቤ የተኛኸው?"
ብቻዬን ተመለስኩ።

ኅዳር 9
ወደ ቤታችን ከተመለሰች ሳምንት ሆናት። ኤክስሬዩን አሁን ራሷ ነው የምታነሳው። እኔን ምንም አትጠይቀኝም። ይገባኛል።
ዛሬ ሚዛኑ ጋ ዱቄት ስትመዝን ጠጋ አልኩ። "ዚርኮኒየሙ ግን እንዴት መጣልሽ?" ሥራዋን ጠይቄያት አላውቅም እኮ... የኔን ሳወራ ነው የኖርኩት።
ማንኪያውን አስቀመጠች። "ከልብህ ነው?"
"ከልቤ ነው።"
መጀመሪያ ቆጠብ፣ ቆጠብ አለች። ኋላ እጇን እያወናጨፈች ታስረዳኝ ጀመር። ብልህ ናት... እንዴት ያንገበግባል! ላቋርጣት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።