ቀዩ ሹራብ

ይድረስ ለእትዬ፤ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

የስፌቱ ሥራ ሞልቷል። አንቺ ቃሪያ ያልሻት ልጄ ግን ማቃጠል ትታለች። ምሳዋም እንደተከደነ ይመለሳል። ለማንም አላስነካም የምትለውን፣ አንቺ የላክሽላትን ቀይ ሹራብ ለጎረቤት ልጅ ሰጠቻት። ይሄ ደግነት ከየት መጣ? ወንድ ይሆን ብዬ ቦርሳዋን በረበርኩ፤ ምንም የለም። ዛገ ብዬ የክፍሏን መቀርቀሪያ አስነቀልኩ። ድሮ ቢሆን ቤቱን ታተራምሰው ነበር፤ አሁን "እሺ እማዬ" አለችኝ። "እሺ" ከእሷ አፍ! ነገ ለወገቤ ነው ብዬ ሐኪም ዘንድ ይዣት እሄዳለሁ።

እንደምጽፍልሽ ስነግራት፣ "አክስቴን 'ይቅር በይኝ' ብላለች በይልኝ" አለች። ምን አድርጋሽ ነው እትዬ? ምንም ካላደረገችሽ መልስ አትጻፊ፤ ራስሽ ነይ።

እስክንተቃቀፍ ደህና ሁኚልኝ።

ታናሽሽ